ማረጋገጥና ማመሳከር፦ ስለ ብሎክቼይን ደኅንነት ጽንሰ ሐሳቦችና ስለ አማርኛ ስያሜዎቻቸው

አዲስ ሙያ ወደ አንድ ቋንቋ ሲገባ ቃላቱ ከጽንሰ ሐሳቦቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ቃላቱ በጋዜጣ፣ በማስታወቂያና በውል ሰነድ ላይ ሲነበቡ፣ ጽንሰ ሐሳቦቹ ግን ከባለሙያዎች ክበብ ሳይወጡ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ተርጓሚው የባዕዱን ቃል በቅርብ ባገኘው የአማርኛ ቃል ይተካዋል፤ የተተካውም ቃል ነባር ትርጉሙን ይዞ ስለሚመጣ አንባቢውን ጸሐፊው ወዳላሰበው ስፍራ ይመራዋል። ስለ ብሎክቼይንና ስለ ክሪፕቶግራፊ በአማርኛ በሚቀርቡ ጽሑፎች ላይ የምናስተውለው ችግር ይኸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የብሎክቼይንን ደኅንነት የሚሸከሙትን ጥቂት መሠረታውያን ጽንሰ ሐሳቦች የሒሳብ ምልክት ሳንጠቀም ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ አማርኛ ስያሜ ማቅረብና የመረጥንበትን ምክንያት መግለጥ ነው። ከሁሉም ይልቅ የምናተኩርበት «ማረጋገጥ» የሚለው ግሥ ነው። በእንግሊዝኛ የተለያዩ ቃላት ተከፋፍለው የሚያከናውኑትን ተግባር በአማርኛ ይህ ቃል ብቻውን ተሸክሞታል። «ሰነዱ በብሎክቼይን ተረጋግጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ቀጣሪ ወይም ዳኛ፣ በሰነዱ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑ የተመሰከረለት ይመስለዋል። ባለሙያው ግን እንዲህ አላለም። ባለሙያው ባለውና አንባቢው በተረዳው መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ገንዘቡን ወይም መብቱን ሊያሳጣው ይችላል።

በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የስያሜው መመሪያ

ስያሜ ስንፈልግ አስቀድመን በሕያው አማርኛ ውስጥ ያለውን ቃል እንመረምራለን፤ ካጣን ወደ ግእዝና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንሄዳለን፤ ከዚያም ሁለት ቃላት አጣምረን አዲስ ስያሜ እናወጣለን፤ ይህም ካልሆነ የባዕዱን ቃል በፊደላችን ጽፈን እንቀበለዋለን። በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ሁለት መመዘኛዎች እናክላለን። አንደኛ፣ የቃሉ ነባር ትርጉም አዲሱን ትርጉም ማጨለም የለበትም። ሁለተኛ፣ ቃሉ የሚረባ መሆን አለበት፤ ይኸውም ከአንዱ ሥር ድርጊቱን፣ አድራጊውንና ውጤቱን የሚገልጹ ቃላት ማውጣት የሚቻል ሊሆን ይገባል።

2. ጥራዝና ሰንሰለት

ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ዓይነት ቅጂ የሚቀመጥ፣ በመጨረሻው ላይ ብቻ እየተጨመረበት የሚሄድ መዝገብ ነው። ግብይቶች በቡድን በቡድን ተሰብስበው ይጻፋሉ፤ እያንዳንዱም ቡድን ከርሱ የቀደመውን ቡድን የሚለይ ምልክት በራሱ ላይ ይይዛል።

ለሐሳቡ መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ስቱዋርት ሀበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ያወጡት ጥናት ነው። ጥያቄያቸው፣ በኮምፒዩተር የተጻፈ ሰነድ የነበረበት ቀን፣ ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው በማይችልበት መንገድ እንዴት ይመዝገብ የሚል ነበር። ከ1995 ጀምሮ የመዝገባቸው ማጠቃለያ ምልክት በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ዓምድ ይታተም ጀመር፤ በየአንባቢው እጅ የተበተነውን ጋዜጣ ሰብስቦ መለወጥ የሚችል የለምና። በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የቀረበው የቢትኮይን ጥናት ይህንን ሐሳብ ከገንዘብ ዝውውር ጋር አያያዘው፤ የመጀመሪያው የቢትኮይን ጥራዝም ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ተመዘገበ።

በአማርኛ «ብሎክ» ሲባል አንባቢው የሚያስበው የጋራ መኖሪያ ሕንፃን ወይም የግንብ ብሎኬትን ነው። ሁለቱም የሚደረደሩ እንጂ የሚጻፍባቸው አይደሉም። እኛ «ጥራዝ» የሚለውን እንመርጣለን። በብራና መጽሐፍ አዘገጃጀት ጥቂት ቅጠሎች ታጥፈው አንድ ጥራዝ ይሆናሉ፤ ጥራዞቹም በሰንሰለት ስፌት አንዱ ከቀደመው ጋር እየተያያዘ ይሰፋሉ። ከመካከል አንዱን ጥራዝ አውጥቶ ሌላ ለመተካት የፈለገ ሰው ስፌቱን መፍታት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ብሎክ «ጥራዝ»፣ ብሎክቼይንም «የጥራዝ ሰንሰለት» ሊባል ይችላል። ብሎክቼይን የሚለው ቃል ግን በሕዝብ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ጎን ለጎን ቢሠራበት አንቃወምም።

3. አሻራና ሞክሼ

አንዱ ጥራዝ ከሌላው ጋር የሚሰፋበት ክር በእንግሊዝኛ «ሀሽ» ይባላል። ይህ በመሠረቱ የወጥ ቤት ቃል ነው፤ ሥጋን መክተፍንና ማቀላቀልን ያመለክታል። ቃሉን በቀጥታ የተረጎመ ሰው «ክትፎ» ማለቱ ነው። ምሳሌው በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ክትፎውን አይቶ የሥጋውን ቅርጽ መመለስ አይቻልም። በሌላ በኩል ግን ያሳስታል፤ አንዱን ክትፎ ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ሲሆን፣ የሀሽ ዋና አገልግሎት መለየት ነው። ስለዚህ «አሻራ» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። የጣት አሻራ ትንሽ ሆኖ ሙሉውን ሰው እንደሚለይ፣ የጽሑፍ አሻራም አጭር ሆኖ ሙሉውን ጽሑፍ ይለያል።

አሻራ አውጪው ስሌት የአንድ መስመርም ሆነ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ያህል ጽሑፍ ተቀብሎ ርዝመቱ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣል። ቢትኮይን የሚሠራበት ሻ-256 የተባለው ስሌት የሚሰጠው ቁጥር 256 ቢት ርዝመት አለው፤ ሊሰጣቸው የሚችላቸው የተለያዩ ቁጥሮች ብዛት በተራ አጻጻፍ ሲጻፍ 78 አኃዞች ይፈጃል። ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትነሣ የሚወጣው አሻራ ፈጽሞ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጥራዝ የቀደመውን ጥራዝ አሻራ ስለሚይዝ፣ በአሥረኛው ጥራዝ ላይ አንድ ፊደል የለወጠ ሰው ከዐሥራ አንደኛው ጀምሮ ያሉትን ሁሉ ያፋልሳል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ጠባዮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ከአሻራው ተነሥቶ ጽሑፉን ማግኘት የማይቻል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አንድ የታወቀ ጽሑፍ ቢሰጥ፣ የርሱን አሻራ የሚጋራ ሌላ ጽሑፍ ማዘጋጀት የማይቻል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ አንድ አሻራ የሚጋሩ ማናቸውም ሁለት ጽሑፎች ተፈልገው የማይገኙ መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ «የማይቻል» ስንል በሐሳብ ደረጃ የለም ማለታችን አይደለም። ጽሑፎች ወሰን የሌላቸው፣ አሻራዎች ግን የተወሰኑ ስለሆኑ፣ አንድ አሻራ የሚጋሩ ጽሑፎች መኖራቸው ግድ ነው። የማይቻለው በሚታወቅ ዘዴና በሚገኝ የኮምፒዩተር ኃይል ፈልጎ ማግኘቱ ነው። ይህንን ልዩነት ተርጓሚው መጠበቅ አለበት፤ «በጭራሽ የለም» እና «ሊገኝ አልተቻለም» አንድ አይደሉምና።

አሻራ መጋራትን እንግሊዝኛው «ኮሊዥን» ይለዋል። «ግጭት» ብሎ የተረጎመው ሰው የመኪና አደጋ ያሳስባል። አማርኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ያህል ሆኖ የሚገኝ ቃል አለው፤ እሱም «ሞክሼ» ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሞክሼ እንደሚባሉ ሁሉ፣ አሻራቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች «የአሻራ ሞክሼዎች» ሊባሉ ይገባል። ሞክሼ የተገኘበት ስሌት ለፊርማ ሥራ አይታመንም። ኤምዲ-5 በተባለው ስሌት በ2004፣ ሻ-1 በተባለው ደግሞ በ2017 ሞክሼዎች ተገኝተው ለሕዝብ ታይተዋል።

ሞክሼ የሚለው ቃል ለቋንቋ ባለሙያ ሌላም ጉዳይ ያስታውሰዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለአማርኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለአሻራ አውጪው ስሌት ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «ኃይለ» እና «ሀይለ» ተብለው የተጻፉ ስሞች የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአሻራቸው መካከል ግን አንዳችም ዝምድና የለም። ከዚህም የረቀቀው የሥርዓተ ነጥብ ጉዳይ ነው። አራት ነጥብ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ምልክት ሊጻፍ ይችላል፤ ብዙዎች ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይጽፉታል። ዐይን አይለያቸውም፤ ስሌቱ ይለያቸዋል። ስለሆነም የአማርኛ ሰነዶች አሻራ የሚወጣላቸው ከሆነ አስቀድሞ ወጥ የሆነ የአጻጻፍ ሥርዓት መወሰን አለበት። ይህ ደግሞ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የእኛም ሥራ ነው።

4. ምሥጢር የሌለው «ምሥጢራዊ ገንዘብ»

«ክሪፕቶ» ከግሪክኛ የተገኘ ቅጥያ ሲሆን ስውር ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ «ምሥጢራዊ ገንዘብ» የሚል ትርጉም ይታያል። ቃሉን ለሚያይ ትርጉሙ ትክክል ይመስላል፤ ነገሩን ለሚያውቅ ግን የተገለበጠ ነው። የቢትኮይን መዝገብ ማንም ሊያነበው የሚችል ግልጽ መዝገብ ነው፤ በውስጡ ያሉት ግብይቶች የተመሠጠሩ አይደሉም። ከክሪፕቶግራፊ የተወሰደው ምሥጠራ ሳይሆን አሻራና ፊርማ ነው።

ስለዚህ ሦስት ተግባራት በሦስት ግሦች እንዲለዩ እናሳስባለን። «ማመሥጠር» ማለት ጽሑፍን ቁልፍ ያለው ብቻ ሊፈታው በሚችል መልክ መሰወር ነው፤ የተመሠጠረ ይፈታል። «አሻራ ማውጣት» ማለት ከላይ እንዳየነው ሲሆን አሻራ አይፈታም፤ ቁልፍም የለውም። «መፈረም» ማለት ጽሑፉን ሳይሰውሩ ባለቤቱን ማሳወቅ ነው። አሻራ የወጣለትን «ተመሥጥሯል» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አንባቢው «ታዲያ ፈቺው ማነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ ጥያቄውም መልስ የለውም።

የዲጂታል ፊርማ መሠረት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 ያቀረቡት የሁለት ቁልፎች ሐሳብ ነው። ፈራሚው ጥንድ ቁልፍ ያዘጋጃል፤ በአንዱ ይፈርማል፣ ሌላውን ለሁሉ ያድላል። የታደለው ቁልፍ ፊርማውን ለመለየት ያገለግላል እንጂ ለመፈረም አያገለግልም። የታደለውን «የሕዝብ ቁልፍ» ማለት የሕዝብ ንብረት ያስመስለዋል፤ ሌላውን «የግል ቁልፍ» ማለትም እንዲሁ ስለ ይዞታ የሚናገር ይመስላል። ሁለቱ የሚለያዩት በባለቤትነት ሳይሆን በመገለጥና በመሰወር ነው። ስለሆነም «ይፋ ቁልፍ» እና «ስውር ቁልፍ» እንላለን።

ፊርማውን «ማኅተም» ለማለት የሚፈልጉ አሉ። ማኅተም ግን በየትኛውም ደብዳቤ ላይ ቢያርፍ መልኩ ያው ነው። ዲጂታል ፊርማ ከተፈረመበት ጽሑፍ ጋር ስለሚሰላ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የተለየ ነው፤ ከአንዱ ሰነድ ተነቅሎ ወደ ሌላው ሊዛወር አይችልም። በዚህ ምክንያት «ፊርማ» የሚለው ይጽና።

5. የመገኘት ማስረጃ

ራልፍ መርክል በ1979 ያቀረበው ዘዴ እጅግ ብዙ መዝገቦችን በአንድ አሻራ ይጠቀልላል። የመዝገቦቹ አሻራዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመራሉ፤ ከየጥንዱ አዲስ አሻራ ይወጣል፤ እነዚያም ደግሞ ይጣመራሉ፤ በመጨረሻ «ሥር» የተባለ አንድ አሻራ ይቀራል። የዘዴው ጥቅም አንድ መዝገብ በውስጡ መኖሩን ለማሳየት ሁሉንም ማቅረብ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። መዝገቦቹ 1,048,576 ቢሆኑ 20 አሻራዎች ብቻ ይበቃሉ።

ይህንን አንዳንዶች «የአባልነት ማስረጃ» ይሉታል፤ በአማርኛ ግን ይህ የማኅበር ወይም የፓርቲ ወረቀት ነው። «የመገኘት ማስረጃ» ብንለው ያልተገባ ሐሳብ አይከተለውም።

6. የልፋት ማስረጃና የመያዣ ማስረጃ

መዝገቡ የብዙዎች ከሆነ ቀጣዩን ጥራዝ የሚጽፈው ማን ነው? የቢትኮይን መልስ እንዲህ ነው። አዲሱን ጥራዝ የሚያቀርብ ኮምፒዩተር በጥራዙ ውስጥ አንድ ቁጥር እየለዋወጠ፣ በብዙ ዜሮ የሚጀምር አሻራ እስኪያገኝ ድረስ በሙከራ ይፈልጋል። አቋራጭ የለውም። የተገኘውን ግን ማንም ሰው በአንድ ስሌት ብቻ ሊያየው ይችላል። ማግኘት ከባድ፣ ማየት ቀላል መሆኑ የዘዴው ዋና ሐሳብ ነው። ያለፈውን ጥራዝ ለመለወጥ የሚሻ ሰው ከዚያ ወዲህ የተደከመውን ድካም ሁሉ እንደ ገና ደክሞ ሌሎቹን መቅደም ይኖርበታል። ከጠቅላላው የማስላት ኃይል የሚበልጠውን ክፍል ለጊዜው የያዘ ወገን ግን ይህንን ማድረግ ይችላል፤ ኢትሪየም ክላሲክ በተባለው ሰንሰለት ላይ በኦገስት 2020 በተደጋጋሚ የደረሰው ይህ ነው።

ይህ በእንግሊዝኛ «ፕሩፍ ኦፍ ወርክ» ይባላል። በቀጥታ ሲተረጎም «የሥራ ማስረጃ» ይሆናል፤ ይህ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወስደው ደብዳቤ ነው። ስለዚህ «የልፋት ማስረጃ» እንላለን። ልፋት የሚለው ቃል ድካሙ ለማሳየት ብቻ የተደከመ መሆኑን ስለሚጠቁም ከሥራ ይልቅ ለነገሩ ይቀርባል።

ሥራውን የሚሠሩት ወገኖች «ማይነር» ይባላሉ፤ ማዕድን አውጪ ማለት ነው። በአገራችን በቅርብ ዓመታት የኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ ይህንን የሚሠሩ ድርጅቶች ሥራ «ዳታ ማይኒንግ» ሲባል ይሰማል። በኮምፒዩተር ሙያ ግን ዳታ ማይኒንግ ከብዙ መረጃ ውስጥ ጠቃሚ ዝምድናዎችን አበጥሮ ማውጣት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የስሙ መመሳሰል ብቻ ነው። የሚፈለገው አሻራ ስለሆነ ሥራው «አሻራ ፍለጋ»፣ ሠሪውም «አሻራ ፈላጊ» ቢባል ከማዕድንም ከመረጃም ጋር አይደናገርም።

ኢትሪየም የተባለው ሰንሰለት በሴፕቴምበር 2022 ይህንን ዘዴ ትቶ «ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ» ወደተባለው ተሸጋገረ፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። በአዲሱ ዘዴ በጥራዝ መጻፍ ለመሳተፍ የሚፈልግ ቢያንስ 32 ኢተር ያስይዛል፤ ሁለት የሚቃረኑ ጥራዞችን ቢደግፍ ካስያዘው ይቀነስበታል። «ስቴክ» «ውርርድ» ወይም «ድርሻ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ነገር ግን ሰውየው የሚያስይዘው በጥፋቱ የሚወረስ ንብረት ስለሆነ፣ በሕግ አማርኛ የታወቀው «መያዣ» ከሁሉም ይሻላል። ስለዚህ «የመያዣ ማስረጃ» እንላለን።

7. ማመሳከርና ማረጋገጥ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። ከላይ በየስፍራው «ማየት» ያልነው ተግባር በእንግሊዝኛ «ቬሪፋይ» ይባላል። ይህንን የሚሠራው ኮምፒዩተር በትክክል ምን ያደርጋል? የቀረበለትን ጽሑፍ ተቀብሎ አሻራውን ራሱ ያወጣል፤ ያወጣውን ከተሰጠው ጋር ያስተያያል፤ እኩል ከሆኑ «አዎ»፣ ካልሆኑ «አይደለም» ይላል። ስለ ጽሑፉ እውነትነት አንዳች አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም።

ለዚህ ተግባር «ማመሳከር» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። ቃሉ ከ«መሰከረ» ወገን ሲሆን፣ ሁለት ምስክሮችን ጎን ለጎን አቁሞ ቃላቸውን ማስተያየትን ያሳያል። ቅጂን ከዋናው ጋር የሚያመሳክር ሠራተኛ ቅጂው ከዋናው መስማማቱን ይናገራል እንጂ በዋናው የተጻፈው እውነት ነው አይልም። እርባታውም ምቹ ነው፤ ድርጊቱ ማመሳከር፣ አድራጊው አመሳካሪ፣ የቀረበው ነገር ማስረጃ፣ አቅራቢው አስረጂ ይሆናል። «ማረጋገጥ» ግን ለሰው ይቅር፤ ማስረጃውን አይቶ፣ ምንጩን መርምሮ፣ ኃላፊነት ወስዶ «እውነት ነው» ለሚል ሰው። ማመሳከሩን ያለፈ ነገርም «እውነተኛ» ወይም «ሕጋዊ» ሳይሆን «ደንብ ያሟላ» ይባል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ በ2022 የደረሱ ሦስት ዝርፊያዎች ያሳያሉ። ሦስቱም የደረሱት ንብረትን ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው በሚያሻግሩ፣ «ድልድይ» በሚባሉ ሥርዓቶች ላይ ነው። በሦስቱም የአሻራውና የፊርማው ሒሳብ አልተሰበረም።

የመጀመሪያው በፌብሩዋሪ ዎርምሆል በተባለው ድልድይ ላይ የደረሰው ነው። ፕሮግራሙ ፊርማዎቹ መመሳከራቸውን የሚያውቀው ከሌላ የሥርዓቱ ክፍል ከሚመጣ መግለጫ ነበር፤ መግለጫው ከእውነተኛው ክፍል መምጣቱን ግን አይጠይቅም ነበር። ዘራፊው የራሱን የሐሰት መግለጫ አቀረበ፤ ፕሮግራሙም ተቀበለው፤ 120,000 ኢተርን የሚወክል ሰነድ ያለ ተቀማጭ ወጣ። እዚህ ላይ ማስረጃው አልተመሳከረም፤ «ተመሳክሯል» የሚል ወረቀት ብቻ ታየ።

ሁለተኛው በማርች በሮኒን ድልድይ ላይ የደረሰው ነው። ንብረት ለማውጣት ከ9 ፈራሚዎች የ5ቱ ፊርማ ይበቃ ነበር። ዘራፊዎቹ የአምስቱን ስውር ቁልፎች እጃቸው አስገብተው 173,600 ኢተርና 25.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ ሌላ ንብረት ወሰዱ። አመሳካሪው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ፊርማዎቹም ደንብ ያሟሉ ነበሩ። የፈረመው እጅ ግን የባለቤቶቹ አልነበረም።

ሦስተኛው በኦክቶበር የቢኤንቢን ሰንሰለቶች በሚያገናኘው ድልድይ ላይ የደረሰው ነው። በዚህ ጊዜ ዘራፊው ያቀረበው የተፈበረከ የመገኘት ማስረጃ ነበር። አመሳካሪው ፕሮግራም ከማስረጃው ውስጥ አንዱን ክፍል ወደ ስሌቱ ሳያስገባ ያልፈው ስለነበር፣ በዚያ ክፍል የተሰገሰገው ሐሰት ሳይታይ ቀረ፤ 2 ሚሊዮን ቢኤንቢም ወጣ። እዚህ ላይ ማመሳከር ነበረ፤ ነገር ግን የተመሳከረው ሁሉም አልነበረም።

ሦስቱንም አንድ ጋዜጣ «የተረጋገጠ ግብይት ሐሰት ሆኖ ተገኘ» ብሎ ቢዘግባቸው አንባቢው ምንም አይማርም። «ሳይመሳከር ታለፈ»፣ «ባለቤቱ ባልሆነ ሰው ተፈረመ»፣ «በከፊል ብቻ ተመሳከረ» ብሎ ቢጽፍ ግን ስሕተቱ የት እንደ ነበረ ይታወቃል። ስለሆነም ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ምክር ይህ ነው፤ «ተመሳከረ» የሚለው ግሥ ብቻውን አይቁም፤ ምን ከምን ጋር እንደ ተመሳከረ ይነገር።

8. ምሥጢር ጠባቂ ማስረጃ

በ1985 ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ አንድ እንግዳ ሐሳብ አቀረቡ፤ አስረጂው የሚያውቀውን ነገር ሳይገልጥ ማወቁን ብቻ ሊያስረዳ ይችላል የሚል። በእንግሊዝኛ ስሙ በቀጥታ «የዜሮ ዕውቀት ማስረጃ» ተብሎ ሲተረጎም የአላዋቂነት የምስክር ወረቀት ይመስላል።

ነገሩን በቡና ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ቡና ቀማሽ የሐረርን ቡና ከይርጋ ጨፌ በጣዕም እለያለሁ ይላል፤ የሚለይበትን ብልሃት ግን መግለጥ አይፈልግም። አመሳካሪው ሳንቲም እየጣለ፣ ቀማሹ በማያይበት ስፍራ ከሁለቱ አንዱን በስኒ ቀድቶ ያቀርብለታል። ቀማሹ በግምት የሚናገር ከሆነ በአንድ ሙከራ ግማሽ ዕድል አለው፤ በ20 ሙከራዎች ሁሉ በግምት ሊያገኝ የሚችለው ግን ከ1,048,576 አንድ ጊዜ ነው። አመሳካሪው ስኒዎቹን ራሱ ስለቀዳ ከመልሶቹ አዲስ ነገር አልተማረም፤ የተረዳው ሰውየው መለየት መቻሉን ብቻ ነው። ብልሃቱ አልተገለጠም።

ስያሜውን «ምሥጢር ጠባቂ ማስረጃ» ብለነዋል። ቀደም ሲል ምሥጢር የሚለውን ቃል ካለቦታው ከገባበት አወጣነው፤ እነሆ በተገቢው ቦታው አስገባነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ይህ ማስረጃ በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው፤ የሐሰት ዕድሉ እጅግ ቢያንስም ፈጽሞ ዜሮ አይሆንም። «ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ» ማለት ከሒሳቡ በላይ መናገር ነው።

9. «እምነት የለሽ» እና «የማይለወጥ»

ሁለት ቅጽሎች ሳናነሣ ብናልፍ ሥራችን ጎደሎ ይሆናል። የብሎክቼይን ደጋፊዎች ሥርዓቱ ሌላውን ወገን ማመንን የማይጠይቅ መሆኑን «ትረስትለስ» በሚል ቃል ይገልጻሉ። «እምነት የለሽ» ብሎ የተረጎመው ሰው ሊያመሰግን ፈልጎ ይሳደባል፤ በአማርኛ እምነት የለሽ ከሐዲ ወይም ሃይማኖት የሌለው ነውና። «መተማመንን የማይሻ» ማለት ይቻላል። ይሁንና ባለፈው ክፍል እንዳየነው መተማመኑ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ከባንክ ሠራተኛው ተነሥቶ ፕሮግራሙን ወደ ጻፈውና ቁልፉን ወደ ያዘው ሰው ሄዷል።

«የማይለወጥ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በ2016 ዳኦ በተባለ፣ በኢትሪየም ላይ በተሠራ የጋራ ገንዘብ ውል ውስጥ በነበረ ስሕተት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ተወሰደ። በጁላይ 2016 ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ተስማምተው ገንዘቡን የሚመልስ አዲስ ደንብ ተቀበሉ፤ ያልተስማሙት በቀድሞው ሰንሰለት ጸንተው ኢትሪየም ክላሲክ ተባሉ። ስለዚህ «ለውጡ የማይሰወር» የሚለው ሐረግ እውነቱን በትክክል ይናገራል። መዝገቡ ሊለወጥ ይችላል፤ በስውር ግን አይለወጥም።

10. ማጠቃለያ

በኤፕሪል 2021 የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴርና የካርዳኖ ሰንሰለት መሥራች የሆነው ድርጅት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት መዝገብ በብሎክቼይን ላይ ለማኖር የታሰበ ዕቅድ ይፋ አድርገው ነበር። ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ በእንዲህ ያለው መዝገብ ላይ አውለን እንመልከተው። አንድ መምህር 67 ያገኘውን ተማሪ 76 ብሎ ቢያስገባ፣ አሻራው ይወጣል፣ ፊርማው ይፈረማል፣ ጥራዙ ይሰፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ቀጣሪው ሲያመሳክረው ውጤቱ «አዎ» ይሆናል። ሰንሰለቱ በታማኝነት የጠበቀው ስሕተቱን ነው። «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል ያነበበ ቀጣሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ደውሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየውም፤ «ከተመዘገበው ጋር ተመሳክሯል» የሚለውን ያነበበ ግን የመዘገበው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ተጎጂው ተማሪም አቤቱታውን የሚሰማ ሰው የሚያገኘው ይህ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ጥራዝ፦ በአንድነት የተመዘገቡ ግብይቶች ስብስብ፤ ብሎክ።
የጥራዝ ሰንሰለት፦ እያንዳንዱ ጥራዝ የቀደመውን አሻራ የሚይዝበት መዝገብ፤ ብሎክቼይን።
አሻራ፦ ጽሑፍን የሚለይ፣ ርዝመቱ ቋሚ የሆነ ቁጥር፤ ሀሽ።
የአሻራ ሞክሼ፦ የሌላ ጽሑፍን አሻራ የሚጋራ ጽሑፍ።
ይፋ ቁልፍ፣ ስውር ቁልፍ፦ ፊርማን ለመለየትና ለመፈረም የሚያገለግሉ ጥንድ ቁጥሮች።
ማስረጃ፣ አስረጂ፦ ለማመሳከር የሚቀርበው ነገርና አቅራቢው።
ማመሳከር፣ አመሳካሪ፦ ማስረጃን በስሌት ማስተያየትና ይህንን የሚያደርግ።
ደንብ ያሟላ፦ ማመሳከሩን ያለፈ፤ ስለ እውነትነቱ ያልተነገረለት።
የመገኘት ማስረጃ፦ አንድ መዝገብ በስብስቡ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ።
የልፋት ማስረጃ፣ አሻራ ፍለጋ፦ በስሌት ድካም የሚገኝ የመጻፍ መብትና ለርሱ የሚደረገው ፍለጋ።
የመያዣ ማስረጃ፦ ንብረት በማስያዝ የሚገኝ የመጻፍ መብት።
ምሥጢር ጠባቂ ማስረጃ፦ የሚታወቀውን ሳይገልጡ ማወቅን የሚያስረዳ።
መተማመንን የማይሻ፣ ለውጡ የማይሰወር፦ ስለ ሥርዓቱ የሚነገሩ ሁለት ቅጽሎች።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ናቸው አንልም። ከመካከላቸው በአጠቃቀም የሚጸኑትን የሚመርጠው ተናጋሪው ነው። ማመሳከርና ማረጋገጥ ግን በየትኛውም ስም ቢጠሩ፣ ሁለት ነገር መሆናቸው በጽሑፋችን ውስጥ እንዲታይ ተርጓሚዎችን አደራ እንላለን።